ፊደል የሚሥሉ እጆች

በሀገራችን ስለ ግራፊክ ዲዛይን ትምህርት ወግ ሲነሣ፣ ብዙ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው ኮምፒዩተር ከገባበት ዘመን ነው። ጥቂቶች ደግሞ ወደ ኋላ ተጉዘው ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መከፈት ይጀምሩታል። እኔ በሁለቱም አልረካም። ሙያው ፊደልንና ሥዕልን በአንድ ገጽ ላይ አስማምቶ ለአንባቢ ማቅረብ ከሆነ፣ አባቶቻችን ይህንን በብራና ላይ ሲሠሩት ኖረዋል። «ግራፊክ ዲዛይን» የሚለው ስያሜ አሜሪካዊው ዊልያም ዲዊጊንስ እ.ኤ.አ. በ1922 ከተጠቀመበት በኋላ የተለመደ ነው ይባላል፤ የእኛ ቁም ጸሓፊ ግን ለሥራው ይህ ስም አላስፈለገውም።

ቁም ጸሓፊው ብራናውን ከዳመጠና ከፋቀ በኋላ፣ ቀለም ሳይነካ በፊት በወስፌ ይወጋዋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብም መሥመር ያሰምራል። ዛሬ ኮምፒዩተር ላይ «ማርጂን» እና «ግሪድ» የምንለው ነገር ይኸው ነው። ጥቁሩን ቀለም ለጽሑፉ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መግቢያ ይለያል። ገጹ ሲጀምር ሐረግ ይጥልበታል፤ ሐረጉ ደግሞ ባዶ ቦታ ለመሙላት የገባ ጌጥ ሳይሆን፣ «እዚህ ላይ አዲስ ነገር ይጀምራል» ብሎ ለዓይን የሚናገር ምልክት ነው። የመቃው ብዕር አፉ ስለሚሰላ፣ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መሥመር ይሰጣል። ዛሬም ድረስ የግዕዝ ፊደል በየመጽሐፉ ላይ ወፍራም እግርና ቀጭን ጫፍ ይዞ የምናየው ከዚያ ብዕር የወረሰው መልክ ስለሆነ ነው።

ይህንን ሁሉ ያወቅሁት ግራፊክ ዲዛይን ከተማርኩ በኋላ እንጂ በተማርኩበት ጊዜ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት በመተከል ዞን፣ በዳንጉር ወረዳ፣ በማንቡክ ከተማ ነው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰድኩ በኋላ «አሥር ሲደመር ሁለት» ይባል በነበረው መርሐ ግብር አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተማርኩ። ለአሁኑ ወጣት አንባቢ ይህ ስያሜ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ላብራራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የትምህርት ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ተማሪው በሁለት መንገድ ይከፈል ጀመር። ውጤት የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ። ቴክኒክና ሙያው አንድ ዓመት ሲሆን 10+1፣ ሁለት ዓመት ሲሆን 10+2፣ ሦስት ዓመት ሲሆን 10+3 ይባል ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በወጣው ስትራቴጂ ይህ ቀርቶ በ«ደረጃ» ተተካ፤ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናውም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። እናም እኔ የተማርኩበት በር ተዘግቷል፤ በዚያ በር ያለፍነው ግን በየከተማው ታፔላ እየጻፍን፣ ባነር እያተምን፣ የሠርግ ጥሪ እያሳመርን አለን።

ትምህርቱ መጥፎ ነበር አልልም። የቀለም ጠባይ፣ የእርሳስ ሥዕል፣ ፎቶሾፕ፣ ኮሬል ድሮው ተምረናል። የፊደል ትምህርት በሚል ርእስ የተሰጠን ግን ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ አንድ ጥራዝ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚናገረው ስለ ላቲን ፊደል ነው። ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ የ«ኤክስ» ቁመት፣ ሴሪፍ ያለውና የሌለው… የግዕዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። የእኛ ችግር ሌላ ነው፤ አንድ ፊደል ሰባት ጊዜ መልኩን እየለወጠ ቤተሰብነቱን ሳያጣ እንዲቆም ማድረግ። «በ» ሁለት እግሮቿ እኩል ናቸው። «ቡ» ከወገቧ ቅጥያ ታወጣለች፤ «ቢ» ያንን ቅጥያ ወደ እግሯ ታወርደዋለች፤ «ባ» ቀኝ እግሯን ታስረዝማለች፤ «ቤ» እግሯ ላይ ቀለበት ታስራለች፤ «ቦ» ደግሞ የባን ተቃራኒ ሆና በግራ እግሯ ትቆማለች። ሳድሷ «ብ» ደንብ አታከብርም፤ ሳድስ ደንብ አክብሮ አያውቅም። ይህንን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በክፍል ውስጥ ሲነገር አልሰማሁም። መምህሮቻችንም ቢሆኑ አልተማሩትምና የሚወቀሱበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፤ ከብራና እስከ እኛ ክፍል ድረስ ባለው መንገድ ላይ ይህ ዕውቀት የት ቀረ?

መልሱን ለመፈለግ መጀመሪያ ወደ ሮም መሄድ ግድ ይላል። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፣ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ከተማ ነው። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ የማርቼሎ ሲልበር። ፖትከን በሮም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲዘምሩ ሰምቶ ዜማው ስለማረከው፣ አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባሉት መነኩሴ ዘንድ ፊደሉንና ቋንቋውን ተማረ። ቋንቋው ግዕዝ መሆኑን እንኳ በቅጡ አላወቀም፤ «ከለዳዊ» ብሎ ነው የጠራው። ይሁን እንጂ ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ በብረት ሲቀረጽ አጠገቡ የነበሩት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። እኒህ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ የሰጡት ምክንያት እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም፤ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ደግሞ ማተም አያውቁም። ማንበብ የሚችለው እጅ ከማተሚያው፣ ማተም የሚችለው እጅ ከንባቡ ተለይተው የቆሙበት ሁኔታ በዚያ አላበቃም። እስከ ዛሬ ድረስ የፊደላችን የሕትመት ታሪክ በዚህ መለያየት የተሞላ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማተሚያ መኪና ወደ እኛ ምድር የደረሰው ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ላዛሪስቱ ሚስዮናዊ ሎሬንዞ ቢያንኬሪ በምጽዋ ማተሚያ አቆመ። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች እንኳ የዳግማዊ ምኒልክን ምስልና «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ይዘው የተቀረጹት በፈረንሳዊው ኤዤን ሙሾን እጅ፣ የታተሙትም በፓሪስ ነው። «አእምሮ» ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ይባዛ ነበር። ይህ ለእኔ ውርደት ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ መኪናው ሲጎድል የሚጽፈው እጅ ግን አልጎደለም። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስም ጋዜጣው ሲወጣ፣ የፊደል ለቃሚነት ሙያ በአዲስ አበባ ሥር ሰደደ።

ፊደል ለቃሚ! ይህ ሙያ ዛሬ ጠፍቷል፤ ስሙንም የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የላቲን ፊደል ለቃሚ ሃያ ስድስቱን በትልቅና በትንሽ ቢይዝ ነው። የአማርኛው ግን ከሁለት መቶ ሠላሳ የሚበልጡ ፊደላትን፣ ከዲቃላዎቹና ከቁጥሮቹ ጋር፣ እያንዳንዳቸውን በየጉድጓዳቸው ማወቅ ነበረበት። ዓይኑን ገበታው ላይ፣ ጣቱን መሳቢያው ውስጥ አድርጎ፣ ፊደሉንም በግልባጩ እያነበበ። የጽሕፈት መኪናው ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ወደ ሌላ ጎን ዞረ። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚታወቀው ሙከራም ሆነ ከዚያ በኋላ በየቢሮው የገባው መኪና፣ ያንን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስቀመጥ ሲል ፊደሉን ቆራርጦ መቀጠል ነበረበት። በዚያ መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቀለበቱ ከእግሩ ተነጥሎ፣ ቅጥያው ከወገብ ርቆ ይቆማል። መንግሥት ለሃምሳ ዓመት ያህል ሕዝቡን ያናገረው በዚያ በተሰበረ ፊደል ነው።

እዚህ ላይ ነው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ወደ ታሪኩ የሚገባው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም አሜሪካ፣ ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በእርሳቸው ስም የሚጠራውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ነው። ከመሠረቱ ጀምሮ ያስተማሩት ሰዎች ከተለያየ ዓለም የመጡ ነበሩ። ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ቅርጽ ሕትመት አስተማረ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ ትምህርቱን ጨርሶ መጥቶ ለብዙ ዓመታት አስተማረ፤ እስክንድር ቦጎሲያንም ከፓሪስ መጥቶ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ጥቂት ዓመት አስተማረ። ከሁሉም በላይ ግን እኔን የሚስበኝ ይግዙ ብሥራት ነው። ይግዙ የግዕዝን ፊደል ራሱን የሥዕል ጉዳይ አደረገው፤ በትምህርት ቤቱም የፊደል አጣጣልን ያስተማረ እርሱ ነው። በ1964 ዓ.ም. ገደማ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው ወሰኔ ኮስሮፍ፣ ከኖረበት አሜሪካ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ የሣለው ፊደልን ነው፤ ቃል የማይመሠርቱ፣ ግን አማርኛ የሚያነብ ዓይን የሚያቆሙ ፊደላትን።

እንግዲህ ዕውቀቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በጥቂት እጆች ውስጥ ነበር። የጠፋው መሻገሪያው ነው። የፊደል አጣጣሉ ወደ ሸራው ሄደ፤ ወደ ማተሚያ ቤቱና ወደ ታፔላው ግን አልወረደም። ጥበቡን የሚያውቁት ሠዓሊ ሆኑ፤ ታፔላውን የሚጽፉት ደግሞ ከመንገድ ተማሩ። ለእኔ የሁለቱ ዓለማት መለያየት ከገንዘብ እጥረት ይልቅ ጎድቶናል። የገንዘብ እጥረት እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ከሥዕል ክፍሉ ወጥቶ ታፔላ ጸሓፊዎችን ቢያስተምር ኖሮ የሚወጣው ወጪ የጠመኔ ነበር።

ስለ ታፔላ ጸሓፊው ጥቂት ልበል፤ የሚገባውን ክብር ያገኘበት ጽሑፍ እምብዛም አላየሁምና። ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እንደ ታርጋና እንደ ኮምፔርሳቶ። ላሜራውን ወይም ኮምፔርሳቶውን ነጭ ይቀባል፣ በጠመኔ ክር መሥመር ይመታል፣ ፊደሉን በእርሳስ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ብሩሽ አንድ ጊዜ ሳይመለስ ይጎትተዋል። ቁም ጸሓፊው በወስፌ ያሰመረውን እርሱ በክር ያሰምራል። «ምግብ ቤት»፣ «ፀጉር ቤት»፣ «ልብስ ስፌት» እያለ ከተማውን የሚያስነብበው እርሱ ነው። በደርግ ዘመን በአብዮት አደባባይ የቆሙትን የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ግዙፍ ምስሎች ያየ ትውልድ ትልቅ ሥዕልና ትልቅ ፊደል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያውቃል። ከዚያ ቀደም ብሎም ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» በሚለው መፈክር ሀገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቅ መሣሪያው ፖስተር ነበር።

ከዚሁ የደርግ ዘመን አንድ ሌላ ነገር ለእኛ ለመተከል ልጆች ይበልጥ ይቀርባል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል፤ ማስተማሪያ መጻሕፍቱም ቀስ በቀስ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ታተሙ። አሥራ አምስቱ ቋንቋዎች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐድይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛ፣ ትግረ፣ ኩናምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ስልጥኛ፣ አፋርኛ፣ ካፋ-ሞቻና ሳሆ ናቸው። ዝርዝሩን ደጋግሞ ያነበበ የማንቡክ ሰው የጎደለውን ወዲያው ያየዋል። ጉሙዝኛ የለም።

የጉሙዝ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ከአንድ መቶ ሃምሳ ሺህ በላይ የተቆጠረ ሲሆን፣ በመተከልና በካማሺ ዞኖች፣ ከድንበር ማዶም በሱዳን ይኖራል። ቋንቋው ከአማርኛም ከአገውኛም ከሺናሽኛም ጋር ዝምድና የለውም፤ የዓባይ-ሰሐራ ከሚባሉት ወገን ይመደባል። አማርኛ የሌላቸው ድምፆች አሉት። ከነዚህ አንዱ «በ»ን የሚመስል፣ ነገር ግን አየሩ ወደ ውጪ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚሳብበት ድምፅ ነው። ማንቡክ ገበያ ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ጉሙዝ ባይሆንም፣ ይህንን ድምፅ ከሩቅ ለይቶ ያውቀዋል። የሚጽፍበት ፊደል ግን በጥራዛችን ውስጥ አልነበረም።

ኮሌጅ ጨርሼ ከተማዬ ተመልሼ በ2001 ዓ.ም. በአንዲት ክፍል ኮምፒዩተርና ማተሚያ ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያው ዓመት አንድ ጉሙዝ አስተማሪ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዘው መጡ። ለልጆች ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የፊደል ገበታ እንዲሠራላቸው ነበር የፈለጉት። በወረቀታቸው ላይ «በ» ነበረች፤ ጎኗም ሌላ «በ»፣ ምልክት የታከለባት። ፓወር ግዕዝ ከፈትኩ፤ የለችም። ቪዥዋል ግዕዝ ከፈትኩ፤ እዚያም የለችም።

«የለም፣ መምህር» አልኳቸው፣ «ኮምፒዩተሩ አያውቃትም።»

«እኔ ኮምፒዩተሩን አላልኩህም» አሉኝ ፈገግ ብለው። «አንተ መጻፍ ትችላለህ ወይ ነው የጠየቅሁህ።»

ገበታውን በኮምፔርሳቶ ላይ በብሩሽ ጻፍኩላቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያዋን ፊደል መሣል አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ስድስቱ ወንድሞቿ ናቸው። ምልክቱ በካዕቡ ቅጥያ ላይ ሲመጣ ይጋጫል፤ በራብዑ ላይ ሲመጣ እግሩ ስለሚረዝም ሚዛኑን ያጣል፤ በሳድሱ ላይ የት እንደሚቀመጥ አይታወቅም። መምህሩ አጠገቤ ተቀምጠው እየቀደሙኝ ያነቡ ነበር። እኔ ስሠራው «ይህች ከወንድሟ ጋር ትምታታለች» ሲሉኝ ደምስሼ እንደገና እጎትታለሁ። ፊደል የሚሥለው እጅና ፊደሉን የሚያነበው ዓይን በአንድ ክፍል ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን በዚያ ሦስት ቀን አየሁ። አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ያጡት ነገር ነው።

ከዚያ ሥራ በኋላ ነበር ስለ ፊደል ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት፤ ባነበብኩ ቁጥርም አዲስ ፊደል መጨመር እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ተረዳሁ። አማርኛ ራሱ ከግዕዝ ሃያ ስድስቱን ፊደላት ሲወርስ የራሱ ድምፆች ጎድለውበት ነበር። ስለዚህ ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከከ ኸን፣ ከዘ ዠን፣ ከደ ጀን፣ ከጠ ጨን አወጣ፤ አብዛኞቹን አናታቸው ላይ አግድም መሥመር በመጫን። ያ ማን እንደሆነ ስሙ ያልተነገረ ቁም ጸሓፊ የሠራው ሥራ፣ አንድ የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ ዛሬ ከሚጠየቀው ሥራ ምንም ልዩነት የለውም። የነበረውን መልክ ጠብቆ አዲሱን መለየት። ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ዸ» ተጨመረች። በዚህ ዓይን ሲታይ የጉሙዝኛዋ ፊደል የአንድ ረጅም ቤተሰብ ታናሽ ልጅ ናት።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የኮምፒዩተር ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱን የፊደል አቀማመጥ ይዞ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ይህንን የፈታው ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ የግዕዝ ፊደል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለመኤን የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ደግሞ ሠላሳ ሁለት ፊደላት ያሉት አዲስ ክፍል ተጨመረ፤ ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ። ለጉሙዝ የተመደቡት አሥራ አራት ናቸው፤ ሁለት የፊደል ዘሮች፣ እያንዳንዳቸው በሰባት ሰባት መልክ። የመጀመሪያዋ ዘር ꬠ ናት፤ ሁለተኛዋ፣ ያቺ አየር የምትስበው፣ ꬨ ናት። አንባቢ ሆይ፣ በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ ሣጥን ከታየህ፣ መሣሪያህ ዛሬም እንደ እኔ የያኔው ኮምፒዩተር አያውቃቸውም ማለት ነው።

መምህሩ ለእኔ ያንን ወረቀት ካመጡልኝ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፊደሎቹ በዓለም መዝገብ ገቡ። ይህንን ዜና ያወቅሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። መዝገቡ የፊደሉን ቁጥር ይሰጣል እንጂ መልኩን አይሥልም። አንድ ሰው ፎንት ካልሠራ ቁጥሩ ባዶ ወንበር ነው። «አቢሲኒካ» የሚባለው ነፃ ፎንትና የጉግል «ኖቶ» እነዚህን ፊደላት ይዘዋል፤ ሠሪዎቹ ይመስገኑ። ሁለቱም ግን ለመጽሐፍና ለስክሪን ንባብ የተሠሩ ናቸው። በሃያ ሜትር ርቀት ከአቧራ ውስጥ ሊነበብ ለሚገባው የጤና ጣቢያ ታፔላ የሚሆን ወፍራም ፊደል፣ ለሕፃናት መጽሐፍ የሚሆን ክብ ፊደል፣ ለሠርግ ጥሪ የሚሆን ያጌጠ ፊደል በእጄ አልገባም። አማርኛ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ልብስ አለው፤ ጉሙዝኛ አንድ ልብስ ለሥራም ለሠርግም ይለብሳል።

ይህ ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። በተለይ ከ2012 እና ከ2013 ዓ.ም. በኋላ። በእነዚያ ዓመታት በመተከል ዞን የደረሰውን መግለጽ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተፈራ። እኔም ክፍሌን ዘግቼ ወራት ቆይቻለሁ። ስመለስ በዋናው መንገድ ላይ ብዙ ታፔላዎች ተነቅለው ወድቀው ነበር። መልሼ ስጽፋቸው፣ ደንበኞቼን «በምን ቋንቋ ልጻፈው?» ብዬ መጠየቅ ቀድሞ ካለው የተለየ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ባለ ሻይ ቤት በሁለቱም እንድጽፍለት ጠየቀኝ፤ ምክንያቱን ስጠይቀው «ሁሉም ሻይ ይጠጣል» አለኝ። ጉሙዝኛውን ለማስነበብ ወደ እነዚያ አስተማሪ ላክሁት። ፊደሉ በትክክል ካልተጻፈ ባይጻፍ ይሻላል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ እኔም ከእርሳቸው የተማርኩት ነው።

ከማንቡክ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ አሶሳ ለመሄድ፣ ዓባይ በመካከል ስላለ፣ ለረጅም ዘመን ክልሉን ለቅቆ ወጥቶ ዙሪያ ጥምጥም መመለስ ግድ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚያድግ ወጣት ግራፊክ ዲዛይን ለመማር ሩቅ መሄድ አለበት፤ ሩቅ ሄዶ የሚማረው ደግሞ ከቤቱ ራቅ ያለ ነገር ነው። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሁሉንም ሊያስተምር አይችልም፤ ይህን አልጠይቅም። በደበዘዘው ጥራዝ ውስጥ ግን ስለ ቁም ጸሓፊው፣ ስለ ፊደል ለቃሚው፣ ስለ ይግዙ ብሥራትና ስለ ታፔላ ጸሓፊው አራት ገጽ ቢኖር ኖሮ፣ እኔ በ2001 ዓ.ም. ከመምህሩ ጋር የፈጀሁት ሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን በወረደ ነበር ብዬ አስባለሁ። የ«በ» ሰባት መልኮች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያውቅ ሰው ለአዲሷ ፊደል ምልክቱን የት እንደሚያሳርፍ ይገምታልና።

አሁን ምሽት ምሽት፣ መብራት ባለበት ሰዓት፣ ለታፔላ የሚሆኑ ወፍራም ፊደላትን እየሣልኩ ነው። መጀመሪያ በወረቀት ላይ በጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሥቼ በኮምፒዩተር። የꬨን ሰባቱንም ጨርሻለሁ፤ ከꬠ ዘር አንዷን። መምህሩ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ይገቡና መነጽራቸውን አድርገው ያነቧቸዋል። ያለፈው ሳምንት ሳድሷን አልወደዷትም።